እንግዶች፣ ሦስት

ጋሩማ ደረሳ አርባ አራት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ የተግባር አስተማሪ ሆኖ አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቷል። በዚህ ጊዜ ስንት ሰው መንዳት እንዳስተማረ አይታወቅም፤ ስንት ሰው እንዳስደነገጠው ግን ፊቱ ላይ ይነበባል። ምግብ ቤት ሲገባም ሆነ ሊፍት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያያል፣ ከዚያ ነው ወደ ፊት የሚሄደው። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት «እያየሁ ነው» ይላል።

ይኸው ጥንቁቅ ሰው ነቀምቴ ከተነሳች ግን ፍሬን የለውም። ውኃዋን ያወራል፣ ዝናቧን ያወራል፣ ማንጎዋን ያወራል። አንጮቴ የሚባለውን፣ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ተቀቅሎ በቅቤ የሚበላውን ሥር ሲያወራ ሰልጣኞች ማርሽ መቀየር ይረሳሉ። ከሁሉም በላይ የሚወዳት ወሬ ግን ይቺ ናት፦ «እኔ ነቀምቴ ገብቼ ከመናኸሪያው እስከ ሰፈሬ በእግሬ ብሄድ፣ ሰላምታ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል።» የሥራ ባልደረቦቹ ይህችን ሁለት ሰዓት ለዓመታት ሲሰሟት ኖረዋል።

ከባልደረቦቹ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አሳምነው የዳንግላ ልጅ ነው፤ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ያስተምራል። የመንገድ ምልክቶችን አንድም ሳይቀር በቃሉ ያውቃቸዋል፤ መኪና ግን እምብዛም አይነዳም። ኑሪያ ደግሞ የደሴ ልጅ ናት፤ ሰልጣኝ ትመዘግባለች። አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ የማያናዝዘው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

በግንቦት መጨረሻ ማሰልጠኛው ፈቃዱ እስኪታደስ ለአራት ቀን ተዘጋ። ኑሪያ መዝገቧን ዘጋችና፣ «እንግዲህ ነቀምቴ እንሂዳ» አለች።

«ዝናብ ነው» አለ ጋሩማ።

«ዝናቧን አይደል እንዴ ስታወራልን የኖርከው?»

«መኪና የለንም።»

የማሰልጠኛው ባለቤት አንዷን የማሰልጠኛ መኪና ውሰዱ አሉ። «መንገዱስ?» አለ ጋሩማ። ሹፌሮቹ ተከፍቷል ብለው ካወሩ ዓመታት ሆኗል አለው አሳምነው። ጋሩማ ሌላ ምክንያት ፈለገ፤ አጣ። ይህን ያህል ያወራት ከተማ ለመሄድ ምክንያት ሳይሆን ላለመሄድ ምክንያት መፈለጉን ኑሪያ ልብ ብላለች። አልጠየቀችውም፤ ለመንገድ አስቀመጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሩማ ነቀምቴን ከረገጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ዱረቲ የሞተችው በ2013 ዓ.ም.፣ ስልክ በማይሠራበት፣ መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ወቅት ነበር። ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ተቀበረች። ልጇ የሰማው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ያውም ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር። ሰውየው ሊያረዳው አልመጣም፤ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድግ መጥቶ ነው። ወሬ ሲጀምሩ፣ «የዳቦ ጋጋሪዋ የዱረቲ ልጅ ነህ እንዴ? እግዜር ያጽናህ» አለው። ጋሩማ ያን ቀን ሹፌሩን እስከ መጨረሻው አስተምሮ፣ ፈርሞለት፣ መኪናውን ቦታው አቁሞ፣ ከዚያ ነው ሽንት ቤት ገብቶ በሩን የዘጋው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላም አልሄደም። አንድ ወር ዘገየ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዓመቱ በኋላ ደግሞ በምን ፊቱ እንደሚሄድ ግራ ገባው። ቢሰድቡት አይጠላም ነበር። የፈራው፣ በአክብሮት ተቀብለው፣ በአክብሮት አብልተው፣ በአክብሮት እንዳይሸኙት ነው። እናት የለችም፣ ቤት የለም፤ የቀረው ሰዉ ብቻ ነው። ሰዉም እንደ መንገደኛ ካየው፣ ከዚያ ወዲያ አገርህ የት ነው ሲሉት ምን እንደሚል አያውቅም። ሁለቱን ሰዓት አዲስ አበባ ሆኖ ማውራት ይሻላል።

ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አላት፤ ሰሌዳው በብየዳ የተያዘ ስለሆነ አይነሳም። እንደ ማንኛውም የማሰልጠኛ መኪና ከጎን ወንበር በኩልም ሁለተኛ ፍሬን አላት። ጋሩማ መሪውን ያዘ። አሳምነው ከጎኑ ተቀመጠና እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ።

አምቦ እስኪደርሱ አሳምነው አሥራ አራት ጊዜ ፍሬን ያዘ።

«እግርህን አንሳ» አለው ጋሩማ።

«የፍጥነት ሰሌዳው ስልሳ ይላል።»

«ሃምሳ ስምንት ላይ ነኝ እኮ።»

«ቁልቁለት ነው።»

ጌዶ ላይ ጋሩማ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፣ የአሳምነውን ጫማ አስወለቀና ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ቆለፈበት። አሳምነው በካልሲ ፍሬን መያዙን ቀጠለ። የጭነት መኪኖች ሰሌዳውን ከሩቅ እያዩ መንገድ ይለቁላቸዋል። አንድ ኬላ ላይ መታወቂያ የሚያይ ሰው ወደ ጣሪያው ቀና አለ፣ ወደ ውስጥ አጎነበሰ፣ «ከሦስታችሁ ለማጁ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ሁለቱ አስተማሪዎች ተያዩ። ማስረዳቱ ረጅም መሆኑ የገባት ኑሪያ ከኋላ ሆና «እኔ ነኝ» አለች። «በርቺ» አላትና ገመዱን አወረደ።

ባኮን ሲያልፉ ጋሩማ ማውራት አቆመ። ሲሬን ሲያልፉ ደግሞ ሰልጣኝ ሳይኖር መስታወት ማስተካከል ጀመረ። ኑሪያ ይህን ጊዜ ጥያቄዋን አወጣች።

«ቤተሰብ ማን አለህ እዚያ?»

ከዚያ ዝም አለች። ጋሩማ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቻለ። በአራተኛው የእናቱን ነገር ከማክሰኞው ጀምሮ እስከ ሹፌሩ ድረስ ነገራቸው። ድምፁ የመሪ አያያዝ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። አሳምነው እግሩን ከፍሬኑ አነሳ፤ ነቀምቴ እስኪገቡ ድረስም አልመለሰውም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። መኪናዋን መናኸሪያው አጠገብ አቁመው፣ ወሬው ወሬ ነውና፣ በእግራቸው ጀመሩ። ባጃጆቹ ጭቃውን እያረጩ ያልፋሉ። ጋሩማ ግራና ቀኙን እያየ ሄደ። አንድ ሰው «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም አለው፤ ዞር ብሎ ሲያይ ከኋላው ላለ ሰው ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያም ላይ አራቱ ደቂቃ በቆሎ የጫነች አህያ መንገድ ዘግታባቸው ነው። አሳምነው ሰዓቱን አየና እጅጌውን መልሶ ጎተተበት። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ምንም ሳይል ሲቀር በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የእናቱ ቤት የቀበሌ ስለነበረ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አሁን የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ምድጃዋ በነበረበት ቦታ ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከትተው መጽሔት ያያሉ። ባለቤቷ ጋሩማን በር ላይ ቆሞ ስታየው ተነሥታ ወንበር አቀረበችለት። «እዚህ ቤት ነው ያደግኩት» አላት በኦሮምኛ። «ውይ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! ቀዝቃዛ ውኃ ላምጣልዎ?» አለች። ወንበሩንም ውኃውንም በሁለት እጇ ነው የሰጠችው። ጋሩማ ተቀምጦ ውኃውን ጠጣ፣ «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኗት ወጣ።

ከፀጉር ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የልጅነት ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ግቢው ውስጥ ለነገ ጉባኤ ሸራ የሚወጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ያዛቸዋል። ጋሩማ ከጀርባው አወቀው። ቀነዓ ነው። በልጅነታቸው አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ለሁለት ያደርጉ ነበር፤ ቀነዓ ግራውን፣ ጋሩማ ቀኙን። አሁን መምህርና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኗል።

«ቀነዓ!»

ቀነዓ ዞረ። አየው። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየው። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣና ጨበጠው።

«ኦቦ ጋሩማ! በጋ ነጋን ዱፍተን። እንኳን በሰላም መጡ።»

ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው። ለዳኛ ይባላል፣ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ይባላል፣ ለማያውቁት ሽማግሌ ይባላል። አንድ ጫማ ለሁለት ላደረገ ሰው ሲባል ጋሩማ ሰምቶ አያውቅም። እሱም በተራው «ደህና ነዎት?» አለ።

ቀነዓ እንግዶቹን ሁሉ በየተራ ጨበጠ። ነገ እሑድ ቢመጡ ደስታችን ነው፣ ከጉባኤ በኋላ ለእንግዶች ምሳ አለ አላቸው።

«እኔ ሙስሊም ነኝ» አለች ኑሪያ።

«እንግዳ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ? አንጮቴ ሥጋ የለውም።»

አሳምነውም ኦርቶዶክስ መሆኑን ለማሳወቅ ጀምሮ ነበር፤ አንጮቴ የምትለዋን ሲሰማ ተወው። ቀነዓ ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ነገ ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ነው። ጻፈ። የሰልጣኝ ስህተት ከሩቅ ለማየት የሠለጠነው የጋሩማ ዓይን የተጻፈውን በግልባጩ አነበበው፦ «እንግዶች፣ ሦስት።»

እዚህ ላይ ስለ እንግዳ መነገር ያለበት ነገር አለ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን በየእሑዱ ከስብከቱ በኋላ «እንግዶች ካላችሁ ተነሡ» ይባላል። እንግዳው ይነሣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ የመጣበትን ማኅበረ ምዕመናን ሰላምታ ያቀርባል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ሲያበቃም እንግዳው ወደ ምሳ ይወሰዳል። የቤት ልጅ ግን አይጨበጨብለትም። የቤት ልጅ ግቢው ላይ የተደረደሩትን ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ዝናብ ሳይመታቸው ተሸክሞ ያስገባል። ጋሩማና ቀነዓ ልጅነታቸውን የጨረሱት በዚህ ሥራ ነው። አግዳሚ ወንበር ለሁለት ሲያዝ አንዱ ኋላ ኋላ መሄድ አለበት። ጋሩማ ኋላ ኋላ አልሄድም ስለሚል፣ ሁልጊዜ ኋላ ኋላ የሚሄደው ቀነዓ ነበር። ወንበር ይዘው በወጥ ቤቱ በር ሲያልፉ የዶሮው ሽታ ይመጣል። ጋሩማ በዚያ ዕድሜው ሐኪም ወይም አብራሪ መሆን አይመኝም ነበር። የሚመኘው እንግዳ መሆን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ምኞቱን ሞከረው። አንድ እሑድ «እንግዶች ተነሡ» ሲባል ከመካከል ብድግ አለና፣ «ጋሩማ እባላለሁ። የመጣሁት ከጊምቢ ነው። የጊምቢ ምዕመናን ሰላም ብለዋችኋል» አለ። ጊምቢን አይቷት አያውቅም። ከሴቶቹ ወገን የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ ወይዘሮ ድርቤ፣ በኦሮምኛው አደ ድርቤ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ታኢ!» አሉ፤ ተቀመጥ ማለት ነው። ተቀመጠ። የዚያን ዕለት ወንበሮቹን ሁሉ ከቀነዓ ጋር እስከ መጨረሻው አስገባ፣ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ እናቱ የድርሻዋን ሰጠችው። ጋሩማ የነቀምቴን ታሪክ ሁሉ ለባልደረቦቹ ሲያወራ ይቺን አውርቷት አያውቅም።

አሁን ያ ምኞቱ ተሳክቶ፣ በሽማግሌ እጅ ተጽፎ፣ ቀነዓ ኪስ ውስጥ ገባ። ጋሩማ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ በምትኩ ለአሳምነው የሸራ አወጣጠር አስረዳው።

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ከሸራው ሥር ወንድና ሴት ተለያይተው ተቀመጡ፤ ኑሪያ ከቀኝ ከሴቶቹ ጋር፣ ሁለቱ ከግራ። ጋሩማ ቁርጡን ወስኗል። ማታ እራት ላይ ለሁለቱም የአነሣሡን ሥርዓት አስተምሯቸው ነበር፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቦታ፣ ቀጥሎ ሰላምታ። «አንተስ?» ስትለው ኑሪያ፣ «እኔ አልነሣም» ብሏት ነበር። «እኔ እንግዳ አይደለሁም» ሊል አስቦ፣ ይቺኛዋን ግን ዋጣት።

ስብከቱ አለቀ። ቀነዓ ማስታወሻውን ይዞ ወጣ፤ በኦሮምኛ አስቀደመና በአማርኛ ደገመው፦ «እንግዶች አሉን። እባካችሁ ተነሡልን።»

አሳምነው ተነሣ። «አሳምነው እባላለሁ። የዳንግላ ልጅ ነኝ። የመንገድ ደኅንነት ሕግ አስተምራለሁ። የማመጣው የምዕመናን ሰላምታ የለኝም፤ ከሰልጣኞቻችን ግን ሰላምታ አለ» አለ። ተጨበጨበለት። ኑሪያ ተነሣች። «ኑሪያ እባላለሁ። ወሎዬ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። አንጮቴ አለ ተብዬ ነው የመጣሁት፣ ልዋሻችሁ አልችልም» አለች። ሳቁና እልልታው አንድ ላይ ወጣ። ከሦስቱ መካከል ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው ሁለቱ፣ ሰው ያስደሰቱት እነሱ ሆኑ።

ቀነዓ ማስታወሻውን አየ። ሦስት ይላል።

«አንድ እንግዳ ቀርቶናል» አለ። «እባክዎ፣ አይፈሩ።»

ጋሩማ አልተነሣም። ከፊት ያሉት ዞሩ። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ በትሕትና ክንዱን ነካ አድርገው «ይነሡ እንጂ» አሉት። አራት መቶ ሰው የሚያህል ያየዋል። ተነሣ። እንግዳ አይደለሁም ሊል ነው የተነሣው። አፉ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀውን ነው ያወጣው።

«ጋሩማ ደረሳ እባላለሁ። የመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ ምዕመናን ሰላም ብለዋችኋል።»

ጭብጨባው ተጀመረ። ጋሩማ ቆሞ ሰማው። እንዲህ ነው እንግዲህ የሚያልቀው ብሎ አሰበ፤ በአክብሮት ነው የሚያልቀው።

«ታኢ!»

ጭብጨባው ቆመ። ከሴቶቹ ወገን፣ ከሦስተኛው ወንበር፣ አንዲት አሮጊት በጃንጥላ ተደግፈው ተነሡ። አደ ድርቤ ናቸው። ሰማንያውን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ የሚያዩት ወደ ጋሩማ ሳይሆን ወደ ምሰሶው ነው። ድምፁን ነው ያወቁት።

«የዱረቲ ልጅ አይደለህም? ያ የጊምቢው?»

አደ ድርቤ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይኸ ልጅ ዛሬም እንግዳ ነኝ ብሎ ተነሣ!»

ከኋላ ወንበሮች በኩል ሳቅ ተነሣ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ያን እሑድ የነበሩት ናቸው። ከዚያ ነገሩን ከእነሱ ሲሰሙ ያደጉት ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከሞተች በኋላም፣ ልጇ ከጠፋ በኋላም፣ ይቺ የጊምቢ ወሬ እዚያ ቤት ውስጥ ስትኖር ነበር። አደ ድርቤ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁት።

«ኤሳ ቱርቴ?» አሉ። የት ነበርክ ማለት ነው።

ጋሩማ የሚለው ብዙ ነበረው። ስልኩ አለ፣ መንገዱ አለ፣ አሥራ አንዱ ቀን አለ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ግን ስልኩም መንገዱም አይደሉም።

«ቀረሁ፣ አደ ድርቤ» አለ። «አፍሬ ቀረሁ።»

«ቀረህ» አሉ። «እኛ ቀብረናታል። አልቅሰንላታል። ያላለቀስከው አንተ ነህ። ነገ ጠዋት ቤቴ ትመጣለህ፣ መቃብሯ ጋ አብረን እንሄዳለን። አሁን ተቀመጥ። ደመናው ወርዷል፤ ሲያልቅ ወንበሮቹን ታስገባለህ።»

ጋሩማ ተቀመጠ። ቀነዓ እላይ ሆኖ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ሰረዘ። «ሁለት እንግዶች ነው ያሉን» አለና ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ አለፈ።

ጉባኤው ሲያበቃ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። አሳምነውና ኑሪያ በሁለት ጃንጥላ ተይዘው ወደ ምሳው ሲወሰዱ፣ ጋሩማ ከልማዱ የተነሣ ግራና ቀኙን አይቶ ተከተላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?»

ቀነዓ ነው። ኮቱን አውልቆ የአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይዟል። ጋሩማ ተመልሶ ሊይዝለት ሲል ቀነዓ ወንበሩን አዙሮ ሌላኛውን ጫፍ ሰጠው።

«ኋላ ኋላ የምትሄደው ዛሬ አንተ ነህ» አለው።

ጋሩማ ያዘ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መንዳት ያስተማረ ሰው፣ በሁለተኛው እርምጃ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። ቀነዓ ቆመለት፣ ሲቃና ቀጠሉ። ዝናቡ በሁለቱም ፊት ላይ ይወርዳል። ቀነዓ መነጽሩ ጭጋግ ለብሶበት የሚናገረው ወደማይታየው ሰው ነበር።

«በቀብሯ ቀን» አለ፣ «ሣጥኑን ለአራት ነው የያዝነው። የፊት ቀኙ የልጅ ነው። ባዶ አይተውም፣ እኔ ያዝኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተናድጄብህ ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለ ቀነዓ። «ከባድ አልነበረችም።»

ጋሩማ እጁ ተይዟልና ፊቱን የሚጠርግበት አልነበረውም። ማክሰኞና ረቡዕ፣ አሥራ አንዱ ቀን፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም በአንዴ መጣበት። አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ ኋላ ኋላ እየሄደ፣ ወንበሩን ሳይለቅ። ቀነዓም ወንበሩን አላስቀመጠም፣ አይዞህም አላለው። እርምጃውን ብቻ ቀነሰለት።

«በሩ ጋ ደርሰሃል» አለው ቆየት ብሎ። «እግርህን አንሳ።»

ጋሩማ እግሩን አነሣ። ለሁለቱ የደረሷቸው ወንበሮች ሃያ ሁለት ነበሩ፤ ሃያ ሁለቱንም አስገቡ። ከስድስተኛው በኋላ ስለ ኳስ ጫማው ማውራት ጀመሩ። ቀነዓ ግራው ጫማ ዛሬም ቤቱ አለ ብሎ ማለ። ጋሩማ አላመነውም፤ ተከራከሩበት። በዚያ ክርክር መካከል ኦቦ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተሰማም።

ምሳው ቤት ሲደርሱ እንግዶቹ በልተው ጨርሰዋል። አሳምነው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ኑሪያ የጋሩማን የራሰ ልብስና ያበጠ ዓይን አየች፤ ጥያቄ አልጠየቀችም።

«አንጮቴውስ?» አለ ጋሩማ።

«አልቋል» አለ አሳምነው ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እንዴት ነበር?»

«ሁለት ሰዓት የሚያስወራ ነው።»

ኑሪያ ወንበሯን ልትለቅለት ተነሣች። ጥጉ ላይ የተቀመጡት አደ ድርቤ ኮቴውን ሰምተው፣ «ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» አሏትና ከአጠገባቸው የነበረውን ድስት በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ በሩ ገፉት። ድስቱ ሥር ቅቤ የጠጣ የአንጮቴ ቁራጭ ቀርቷል። ጋሩማና ቀነዓ በሩ ላይ ቆመው፣ እየተሻሙ በሉት።